ስምንት ስድስት

ስምንት ዓመቴ ላይ፣ በሞያሌ ምድር እንደ ጋሼ ደምለው የሚሰስት ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ጠዋት ሲነሣ ጀምሮ አፉ ያኝካል። ከንፈሩ ይሰበሰባል፣ ይለጠጣል፤ ምላሱ ጉንጩን ከውስጥ ገፋ ታደርግና ትመለሳለች። ከረሜላ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ለእኔ ግን አንድ ቀን እንኳ «እንኪ» ብሎኝ አያውቅም።

«አፍህን ክፈት» እለዋለሁ ወገቤን ይዤ።

ይከፍታል። የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላው ሽበታም ሰው፣ ለአንዲት የክላስ ቱ ተማሪ አፉን ቧ አድርጎ ይከፍታል። የጎደሉ ጥርሶች፣ የሲጋራ ሽታ፣ ምላስ። ሌላ የለም።

«ውጠኸዋል ማለት ነው።»

«ውጬው ነው» ይላል ቀስ ብሎ። ጋሼ ሁሉን ነገር የሚለው ቀስ ብሎ ነበር፤ ቃሉ ከጥልቅ ጉድጓድ በገመድ ተስቦ የሚወጣ ይመስላል።

ምላሱንም እመረምራለሁ። የዋሸ ሰው ምላሱ ላይ ጥቁር ነጥብ ይወጣበታል ብላ ጎረቤታችን ረምዚያ ምላ ነግራኛለች። ረምዚያ ደግሞ በአንድ ዓመት ስለምትበልጠኝ የማታውቀው ነገር አልነበረም። የጋሼ ምላስ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው።

ከረሜላ እንዳልነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው። አፉን እንዲያ የሚያንቀሳቅሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየወሩ የተወጋው መድኃኒት ነው። አንዱን ሲያስተኛ ሌላውን ይቀሰቅሳል። እጁን የሚያንቀጠቅጠውም እሱ ነበር። እኔ ግን ይበርደዋል ባይ ነበርኩ፤ በዚያ ሁሉ ሙቀት ካፖርቱን አውልቆ አያውቅማ።

ሆቴላችን በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ፣ ማንያታ የሚባል ሰፈር ውስጥ ነው። ሆቴል ስላችሁ አልጋ ያለው እንዳይመስላችሁ። ስድስት ጠረጴዛ፣ የቆርቆሮ ጣራ፣ ከጓሮ ሁለት ክፍል፤ የከብት ደላሎችና የጭነት መኪና ሾፌሮች ጥብስ በቻፓቲ የሚበሉበት ቤት ነው። የእናቴ ስም ወርቅአየሁ ነው። አባቴ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ደቡብ አፍሪካ ብሎ ወጣ፤ እስካሁን እየሄደ ነው። ኩሽናው የአዴ ካልቶማ ነበር። እሷ ከቦሪ የመጣች ቦረና ናት፤ አማርኛዋ ሲያልቅባት በኦሮምኛ፣ እሱም ሲያልቅባት በማማሰያ ትናገራለች።

የጋሼ ሥራ በር ላይ ቆሞ እንግዳ ማስታጠብ ነበር። በአንድ እጁ ማንቆርቆሪያ፣ በአንድ እጁ ሳፋ ይዞ ጎንበስ ይላል። ውሃው ከእንግዳው እጅ ይልቅ እጅጌውን ያገኛል።

«ሙዜ፣» ይላል ጂሎ የሚባለው ደላላ፣ በስዋሂሊ አባባ ማለቱ ነው፣ ክንዱን እያራገፈ፣ «እጄ ነው እንጂ የቆሸሸው ሸሚዜስ ትናንት ታጥቧል።»

«ውሃው ንጹሕ ነው ጂሎ፣ አትሞትም» ትላለች እማዬ ከውስጥ።

ሰው ይስቃል፣ ጋሼ ግን አይስቅም። ሌላውን እንግዳ ለማስታጠብ ዞር ይላል።

ጋሼ በጓሮው ክፍል የሚኖረው ብቻውን አልነበረም፤ ማለቴ፣ እኔ እንደማውቀው። ከታፈሰ ጋር ነበር። ከውጭ ሆኜ ስሰማ ጋሼ ያወራል፣ ያቆማል፣ ይሰማል፣ ይመልሳል። አንድ ቀን እማዬ ሩዝ ስትለቅም «ጋሼ ከማን ጋር ነው የሚያወራው?» አልኳት። ቀና ሳትል «ከታፈሰ ጋር» አለችኝ። በቃ፣ ይህ ነው። ሌላ አልጠየቅኩም።

ሌላ አገር ያደገ ልጅ ቢሆን ይጠይቅ ነበር። በእኛ ሰፈር ግን ቀን ከክፍሉ የማይወጣ ሰው ብርቅ አይደለም። ኪፓንዴ የሌለው ሰው ነው። መታወቂያ ከሌለህ ፖሊስ እንዳያይህ ጓሮ ትቀመጣለህ፤ መኪና ሲገኝልህ ወደ ናይሮቢ ትሄዳለህ። ስንቱ እንግዳ እንዲያ አድርጎ አልፏል። ልጆች ሁሉ ሕጉን እናውቃለን፤ ስም አይጠራም፣ በር አይጠቆምም። ታፈሰ ብቻ ረጅም ጊዜ ቆየብኝ። ምስኪን፣ መኪና አጥቶ ነው እል ነበር። አንዳንዴ የቻፓቲ ቁራሽ በበሩ ሥር እሰድለታለሁ። ቁራሹ ተመልሶ አይመጣም፣ ስለዚህ ይበላል ማለት ነው።

አብዱራሺድ የሚባለው ፖሊስ ሻይ ሊጠጣ በመጣ ቁጥር የጓሮውን በር ሄጄ እዘጋለሁ። አንድ ቀን መንፈሴን አጠንክሬ ፊቱ ቆምኩና በስዋሂሊ «ታፈሰ የሚባል ሰው እዚህ ቤት የለም» አልኩት። ማንም ሳይጠይቀኝ።

ስኒውን ከአፉ አወረደ። «ማነው ደግሞ ታፈሰ?»

«የለም አልኩህ እኮ።»

ሳቀ። እማዬ ግን አልሳቀችም። ጆሮዬን ይዛ ጓሮ ወሰደችኝ፤ ስትደርስ ጆሮዬን ለቀቀችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። የተቆጣች መሰለኝ። አሁን ሳስበው ቁጣ አልነበረም።

ያን ዓመት የእማዬ አንገት ማበጥ ጀመረ። መጀመሪያ የለውዝ ፍሬ፣ ኋላ ሎሚ አከለ። ስትውጥ እብጠቱ ወጣ ገባ ሲል ማየት ደስ ይለኝ ነበር፤ እንዲህ ያለች ልጅ ነበርኩ። አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ ሚሚ ሐኪም አገኘችላት። አንድ ቀን ከሰዓት እማዬና አዴ ካልቶማ ሽንኩርት እየላጡ ሲያወሩ ከጠረጴዛ ሥር ሆኜ ሰማሁ።

«እኔ ባልመለስ እሱን ማን ይይዘዋል?» አለች እማዬ።

«ዋቅ ያውቃል፣ ወርቄ። እንደሱ አትበይ።»

«እሱ እኮ አረጀ። እኔም አረጀሁ። ድሮ ሲነሣበት ተሸክሜው እሮጥ ነበር። አሁን ማን ይሮጣል?»

እኔ «ማን ይይዘዋል» የሚለውን ብቻ ይዤ ስለ ሆቴሉ የሚያወሩ መስሎኝ ከጠረጴዛው ሥር ወጣሁና «እኔ እይዘዋለሁ» አልኩ።

ሁለቱም አዩኝ። የሁለቱም ዓይን በእንባ ተሞልቷል፤ የሽንኩርት ነው ብዬ አለፍኩት።

እማዬ በጥር መጨረሻ ሄደች። ጠዋት መኪናው ከኬላው ማዶ እየጠበቃት፣ በጥድፊያ በላስቲክ የተጠቀለለ ሰማያዊ ካርድ በእጄ ላይ አደረገች። የጋሼ የመርፌ ካርድ ነው። በየወሩ ይዛው የምትሻገረው እሷ ነበረች፤ ወደ ማዶ፣ ወደ ኢትዮጵያ በኩል ወዳለው ጤና ጣቢያ።

«ቀኑ እዚህ ተጽፏል። አንቺ አንብቢላት፣ ካልቶማ ትወስደዋለች። እሷ ፊደል የላትም። አንቺን ነው የማምነው ኪዳን።»

ሙሉ ስሜ ኪዳነምሕረት ነው። እማዬ ኪዳን ስትለኝ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

ካርዱ ላይ በቀይ እስክሪቢቶ «8/6» ይላል። ይህን ማንበብ ለእኔ ምኑ ነው? ሙዋሊሙ በየጠዋቱ ሰሌዳው ላይ ቀን ትጽፋለች፤ መጀመሪያ ቀኑ፣ ከዚያ ጭረት፣ ከዚያ ወሩ። ከክፍሌ ሦስተኛ የወጣሁ ልጅ ነኝ። ግድግዳችን ላይ የሃርድዌር ሱቅ የሰጠን ካላንደር ተሰቅሏል። ወንበር ላይ ወጥቼ ገለበጥኩት፤ ፌብሩዋሪ፣ ማርች፣ ኤፕሪል፣ ሜይ፣ ጁን። ስምንተኛዋን ቀን በቀይ ከበብኳት። ክቧ እንቁላል መሰለች እንጂ ቀኗስ ትክክል ነበረች።

የገባችሁ ገብቷችኋል። ካርዱ የተጻፈው ከኬላው ማዶ ነው፤ እዚያ ማዶ ዓመቱ በመስከረም ይጀምራል። ስድስተኛው ወር የካቲት ነው። የካቲት ስምንት ሊደርስ ሁለት ሳምንት አይሞላም ነበር። እኔ ራሴ የተወለድኩት በየካቲት ኪዳነምሕረት ዕለት ነው፤ ስሜም የመጣው ከዚያ ነው። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። የካቲት ስንተኛ ወር እንደሆነ ግን ማን ነግሮኝ? የኬንያ ትምህርት ቤት የካቲትን አያውቃት።

አዴ ካልቶማ ወንበሩ ሥር ቆማ ታየኛለች።

«ጁን ነው» አልኳት።

«ስንት ጨረቃ ነው እሱ?»

በጣቴ ቆጠርኩ። «አራት። ትንሽ ይበልጣል።»

«አራት?» ግንባሯን አጨማደደች። «እኛ እኮ አንድ ጨረቃ እየቆየን ነው የምንሄደው።»

«ወረቀቱ ነው የሚለው፣ እኔ አይደለሁም።»

አዴ ካልቶማ ግመል ስታረግዝ በዓይኗ ለይታ ታውቃለች፣ ዝናብ ከመምጣቱ ሁለት ቀን በፊት ትናገራለች። ወረቀት ፊት ግን እጇን ትሰጣለች። «እንግዲህ ወረቀት የሚያውቀውን ጨረቃ አታውቅም» አለችና ወደ ኩሽናዋ ገባች።

ጋሼ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ማንቆርቆሪያውን አስቀምጦ መጣና ካርዱን ከእጄ ተቀበለ። ረጅም ጊዜ አየው። አፉ ያኝካል።

«ስድስት ምንድነው?» አለኝ።

«ጁን ነዋ።»

«ጁን።»

«ዳክታሪው ምሮሃል ጋሼ። እስከ ጁን መርፌ የለም።»

ካርዱን ቀስ ብሎ መለሰልኝ። «ሩቅ ነው» አለ።

«ሩቅ ነው» አልኩት፤ ደስ ያለኝ ለእሱ ብዬ ነው። መርፌ ያለበት ቀን በግራ ቂጡ እያነከሰ ሲመጣ ያሳዝነኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስነግራችሁ፣ በሕይወቴ ካየኋቸው ወራት ሁሉ የሚያምሩት እነዚያ ነበሩ።

መጀመሪያ የቆመው የእጁ መንቀጥቀጥ ነው። አንድ ቀን ጂሎ ታጥቦ ሸሚዙን አየ፣ ደረቅ ነው። ማንቆርቆሪያውን አየ፣ ጋሼን አየ። «ሙዜ፣ ምን አጠጡህ? ለእኔም ይቅዱልኝ» አለ። ያን ዕለት ጋሼ ሳቀ። ሳቁን ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ እንደ እማዬ ሳቅ መጨረሻው ላይ ወደ ላይ ይጎተታል።

ቃሉ ከጉድጓድ መውጣቱ ቀረ፤ በፍጥነት መናገር ጀመረ። ካፖርቱን አውልቆ ምስማር ላይ ሰቀለው። ከሥሩ እኮ አንገት፣ ትከሻ፣ ቀበቶ ያለው ሰው ነበር። ከሰል አንሥቶ በጓሮው ግድግዳ ላይ ካርታ ሣለልኝ፤ ዓባይን ከምንጩ እስከ ባሕሩ፣ ከዚያ ዞር ብሎ የቱርካናን ሐይቅ፣ በመሐል ደግሞ ነጥብ። «ይቺ እኛ ነን» አለኝ። ወጣት ሆኖ አስተማሪ እንደነበረ ያኔ ነው የሰማሁት። ለሁለት ዓመት አስተምሮ ነበር፤ ከዚያ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ጠመኔውን ጥሎ ከሌለ ሰው ጋር መጨቃጨቅ ጀመረ፣ ተማሪዎቹም ሳቁ። ይህን የመጨረሻውን የነገረችኝ እማዬ ናት፣ በኋላ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ብቻውን መጥቶ። ረምዚያ «ያ የናንተ ዕብድ አይደለም?» አለችኝ፤ በቦርሳዬ መታኋት። ጋሼ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። መዳፉ ላይ በወርቅማ ወረቀት የተጠቀለለ ከረሜላ አለ።

«እንኪ» አለኝ።

እየላስኩት ቤት ደረስኩ። ወረቀቱን መጽሐፌ ውስጥ ከተትኩት፤ እስከ ክላስ ፎር ድረስ ነበረኝ።

አክስቴ ሚሚ በስልክ ትጠይቃለች፤ ሐኪሙ እማዬን እንዳትናገር ከልክሏታል፣ አንገቷ ለሁለተኛ ጊዜ ተከፍቷል። «ደምለው እንዴት ነው ትላለች፣ በጽሑፍ ነው የምትጠይቀው።» አዴ ካልቶማ ስልኩን እንደ ማይክ ይዛ «ፋያ! ይስቃል በያት፣ ይበላል በያት» ትላለች። እውነቷን ነበር። ማን ዋሸ? ሚሚ ስለ መርፌው መጠየቅ እንዳለባት አታውቅም፤ እማዬ ደግሞ ቀኑ ካርዱ ላይ ተጽፎ እኔ እጅ መኖሩን እንጂ ሌላ ምን ትጠርጥር?

የሚያዝያ ዝናብ ሲገባ ጋሼ ተለወጠ። ደግሞ በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ ስኒውን ራሱ ማጠብ ጀመረ። ከዚያ አዴ ካልቶማ ያቀረበችለትን ሩዝ አሽትቶ ገፋ። «እሷ አይደለችም፣ በእሷ በኩል ነው የሚልኩት» አለኝ በሹክሹክታ። ማን እንደሚልክ አልነገረኝም፤ እኔም ትልቅ ሰው ምስጢር ስለነገረኝ ኮራሁ እንጂ አልጠየቅኩም። ካፖርቱን ከምስማሩ አውርዶ መስኮቱን ጋረደበት። የግድግዳውን ካርታ በእርጥብ ጨርቅ አጠፋው፤ ነጥቧን ብቻ ተወ። ታፈሰ ደግሞ ድሮ ዝግ ብሎ ነበር የሚያወራው መሰለኝ፤ አሁን ጋሼ «ቆይ፣ አንድ በአንድ፣ እባክህ አትጩህብኝ» ሲል ይሰማል። በእንግድነቱ ላይ መጮኹ ገረመኝ። የሰው ቤት እየኖረ።

ከዚያ ያ ጠዋት መጣ። ቅዳሜ ነው፣ ትምህርት የለም። አብዱራሺድና ሌሎች ሁለት ፖሊሶች በእኛ መንገድ ቤት ለቤት መታወቂያ እያዩ ነው። ድንበር ላይ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሲያሻቸው ይመጣሉ፣ ያያሉ፣ ሻይ ጠጥተው ይሄዳሉ። ረምዚያ ቤት ሲገቡ አየሁ። ቀጥሎ እኛ ነን። በጓሮ ዞሬ ሮጥኩ።

ጋሼ በክፍሉ መሐል ቆሟል። ዓይኑ ቀልቷል፣ እንቅልፍ ካየ የቆየ ይመስላል።

«ጋሼ፣ ፖሊስ መጥቷል። ታፈሰን ይዘኸው ውጣ።»

ዞሮ አየኝ። ያ አስተያየት ሌላው ሁሉ ቢጠፋ አይጠፋኝም።

«አንቺም ታውቂዋለሽ?» አለኝ።

«ድሮ ነው የማውቀው» አልኩት ደረቴን ነፍቼ። «ለማንም አልተናገርኩም።»

ጉልበቱን አጥፎ ፊቱን ወደ ፊቴ አመጣ። እጁን ራሴ ላይ አደረገ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እናቱ፣ እህቱ፣ ቄሱ፣ ሐኪሙ ሁሉ «ታፈሰ የሚባል የለም» ሲሉት የኖረ ሰው ነው። አለ ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ካፖርቱን ለበሰ። የጓሮውን በር ከፈተና በእጁ ይዞ ቆመ፤ መጀመሪያ ሌላ ሰው እንዲያልፍ እንደሚያደርግ ጨዋ። ትንሽ ጠብቆ ተከትሎ ወጣ። እኔ በሩን ከኋላቸው ዘጋሁ። «ከኋላቸው» ነው ያኔ ያልኩት።

አብዱራሺድ መጥቶ የአዴ ካልቶማን ኪፓንዴ አየ፣ ሻዩን ጠጣ፣ ሄደ። ሥራዬን በሚገባ የሠራሁ መስሎኝ ቻፓቲ በላሁ።

ጋሼ ለምሳ አልመጣም። ለራትም አልመጣም። በማግስቱ ጂሎ በሞተር ሳይክል በየመንገዱ ዞረ። አዴ ካልቶማ ማማሰያዋን አስቀምጣ ደረቷን ያዘች። እኔን ሲጠይቁኝ አልተናገርኩም። ሕጉን አውቃለኋ፤ ስም አይጠራም። ናይሮቢ ደርሰው ይሆናል ብዬ በልቤ መንገዱን እቆጥርላቸው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጋልጋሎ የሚባል የግመል እረኛ ጎልቦ ሜዳ ላይ አገኘው። ግራር ሥር ተቀምጦ፣ ጫማው የለም፣ እግሩ የሰው እግር አይመስልም። ጋልጋሎ ወተት ቢሰጠው አልቀበልም አለ። እረኛው ዘዴኛ ነበር፤ መጀመሪያ ራሱ ተጎነጨ፣ ከዚያ ትንሽ መሬት ላይ አፈሰሰና «ይሄ ለጓደኛህ» አለው። ያን ጊዜ ጠጣ። ጋልጋሎ ይህን ሲያወራ እየሳቀ ነበር፤ ማንም አብሮት አልሳቀም።

ጋሼን በጂሎ ሞተር ላይ መሐል አድርገው በቀጥታ ወደ ማዶ አሻገሩት። ሲስተር ኤሌማ፣ መርፌውን የምትሰጠው ነርስ፣ ካርዱን አየች። አዴ ካልቶማ ስትመለስ ምን እንዳለቻት አልነገረችኝም። ብቻ ካላንደሩ ፊት ቆማ ቀይ ክቤን ረጅም ጊዜ አየቻት፤ ከዚያ እኔን። ከዚያ ጸጉሬን ሠራችልኝ፣ በጣም ቀስ አድርጋ፣ ሳታሳምመኝ።

እማዬ ከፋሲካ በኋላ መጣች። አንገቷ ላይ እንደ ሐብል የዞረ ጠባሳ አለ፤ ድምፅዋ ሄዷል፣ ወንፊት ላይ እንደሚነፋ ዱቄት ነው የሚወጣው። ካላንደሩን ከምስማሩ አወረደች። የጁንን ገጽ አየች። አጣጥፋ ምድጃው ውስጥ ከተተችው፣ ዓመቱ ገና ሳይጋመስ። አዴ ካልቶማና ጂሎ እየሰሙ በዚያ በተሰበረ ድምፅ፣ «ቀኑን አሳስቼ የነገርኳት እኔ ነኝ» አለች። «ስጣደፍ ነው። ልጅቷ ምን ታድርግ።»

እኔም አመንኳት። እንዲያውም ተናደድኩባት፤ ትልቅ ሰው እንዴት ቀን ይሳሳታል ብዬ። አምስት ዓመት ሙሉ ተናድጄባታለሁ። ክላስ ሰቨን ላይ ትምህርቴን ትቼ ሆቴሉን ስይዝ ካርዱንም ያዝኩ። መጀመሪያ ብቻዬን ያሻገርኩት ቀን ሲስተር ኤሌማ «5/2» ብላ ጻፈችና «ጥቅምት አምስት እንዳትረሺ» አለችኝ። ጥቅምት። ሁለት። መስኮቷ ላይ ቆሜ በጣቴ ከመስከረም ጀምሬ ቆጠርኩ፣ ስድስተኛዋ ጣቴ ላይ ስደርስ አቆምኩ።

እማዬን አልጠየቅኳትም። እሷም አልነገረችኝም። ሁለታችንም ሽንኩርት እንልጣለን።

አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ጋሼ ወደ ሰባ እየሄደ ነው። የስኪዞፍሬኒያ ሕመምተኛ ከሕመሙ ጋር ያረጃል እንጂ አይድንም ወይ ብዬ ሲስተር ኤሌማን ጠይቄያት ነበር። «አንዳንዱ ሲያረጅ ይረጋጋል» አለችኝ። «ግን በእሱ ዕድሜ አንዴ የወደቀ፣ ሲነሣ ሁሉን ይዞ አይነሣም።» ጋሼ ጎልቦ ላይ ሁለት የእግር ጣቶች ተወ። ሳቁንም እዚያ ሳይተወው አልቀረም። ካርታ ሣልልኝ ብዬ ከሰል ብሰጠው ከሰሉን ኪሱ ከተተው። እንግዳ ማስታጠብ አቁሟል፤ ማንቆርቆሪያው ከብዶታል። በር ላይ ወንበር አድርጌለት ይቀመጣል፣ አፉ ያኝካል።

ታፈሰም አርጅቷል። ጋሼ ራሱ ነው የነገረኝ። «ድሮ ይጮህ ነበር፣ አሁን ያስለዋል» አለኝ። «አንዳንዴ ጀምሮ ይረሳዋል።»

«እንግዲህ ተጧጧሩ» አልኩት። ትንሽ ከንፈሩ የሳቀ መሰለኝ፤ እንቅስቃሴው ይሁን ሳቁ መለየት ከባድ ነው።

ዘንድሮ በየካቲት መርፌው ቀን ተሻገርን። ትከሻዬን ይዞ ነው የሚሄደው፤ ኬላው ላይ ያሉት ያውቁናል፣ «ሳዋ፣ እለፉ» ይሉናል። ሲስተር ኤሌማ ወጋችውና ካርዱን አነሣች።

«ሁለቱንም ጻፊ» አልኳት።

«በየወሩ ካልነገርሽኝ አይሆንም?»

«አይሆንም። የእናንተንም የእነሱንም። የወሩንም ስም በፊደል።»

«ጣጣሽ አያልቅ» ብላ ጻፈች። የጋሼ ካርድ አሁን ከሠርግ ጥሪ የበለጠ ጽሑፍ አለው።

ውጭ ያለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን፣ ቂጡን እስኪተወው። ከመርፌ በኋላ ሁልጊዜ ከረሜላ እገዛለታለሁ። ወረቀቱን ልፈታለት ስል እጁን ዘጋበት፤ ይዞት ቆየ።

«ኪዳን» አለ።

«አቤት ጋሼ።»

ጠበቅኩ። ገመዱ ረጅም ነው፣ ቃሉ እስኪወጣ።

«ያኔ… ስምንት ስድስት ያልሽኝ ጊዜ።»

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስለዚያ አንድም ቃል ተናግረን አናውቅም። ያስታውሰዋል ብዬም አላስብም ነበር። ዓይኔን ጫማዬ ላይ ጣልኩ።

«እ» አልኩ።

«የካቲት መሆኑን አውቅ ነበር።»

«ምን?»

«አስተማሪ አልነበርኩ? ወር መቁጠር ይጠፋኛል?» ትንፋሹን ሰበሰበ። «አውቄ ነው ዝም ያልኩት። መርፌው ሰልችቶኝ ነበር። አንቺ አይደለሽም ኪዳን። እኔ ነኝ።»

ከጎልቦ ከተመለሰ ወዲህ ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም። ካርዱን ሲያየው፣ «ስድስት ምንድነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ «ሩቅ ነው» ሲል ፊቱ ምን ይመስል እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። ሊሆን ይችላል። አውቆም ይሆናል። ለጥቂት ወራት እንደ ሰው ልኑር ብሎ፣ ዋጋውን እያወቀ። ወይም ደግሞ፣ እማዬ አንድ ጊዜ በእኔ ፈንታ የተሸከመችውን እሱም ተራው ደርሶት እየተሸከመልኝ ይሆናል። እሷ ድምፅ በሌላት ጉሮሮዋ፣ እሱ በዚህ ሁሉ ድካሙ። በዚህ ቤት ለእኔ የማይዋሽ ሰው ያለ አይመስልም።

ፊቱን ወደ እኔ አዞርኩት። ጺሙ መዳፌን ወጋኝ።

«አፍህን ክፈት፣ ምላስህን ልይ» አልኩት።

አየኝ። ነገሩ ገብቶታል። ከዚያ ያ ሠላሳ፣ አርባ ዓመት ያላረፈ አፍ፣ ሲያኝክ እያየሁት ያደግኩት አፍ፣ ቆመ። ከንፈሩን ገጠመ። ጥርሱን ነክሶ ያዘው፤ አገጩ ከመታገሉ የተነሣ ይንቀጠቀጣል፣ የአንገቱ ሥር ተገትሯል፤ ግን አልከፈተም። ሲስተር ኤሌማ ከመስኮቷ የሚቀጥለውን ሰው ስም ጠራች። አንድ ሰው ተነሥቶ በፊታችን አለፈ።

አፉን እንደዘጋ መዳፉን ፈታ፤ ከረሜላውን ወደ እኔ ዘረጋው። «እንኪ» አላለኝም። ለማለት አፉን መክፈት ነበረበት።